ከሃምሳ በኋላ ወደ ትራክ መመለስ፦ ለትምህርት ቤት ከመክፈልዎ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ትራክ ነድተው ያቆሙ አበሾች ብዙ ናቸው። አንዱ ልጆቹ ሲወለዱ ከመንገድ ወርዶ ታክሲ ገባ። ሌላው ሱቅ ከፈተ። ሌላዋ እናቷን ልታስታምም አገር ቤት ሄዳ ቆየች። አሁን ልጆቹ አድገዋል፣ የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቷል፣ ኡበሩም እንደ ድሮው አያበላም። "ለምን ወደ ትራኬ አልመለስም?" የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዕድሜም በሕግ አይከለክልም። ከግዛት ወደ ግዛት ለሚነዳ ሹፌር የፌደራሉ ሕግ ቢያንስ 21 ዓመት ይሙላህ ይላል እንጂ፣ ከዚህ ዕድሜ በላይ አትንዳ አይልም። ችግሩ ብዙ ሰው ነገሩን ከመጨረሻው ይጀምረዋል። መጀመሪያ የሚደውለው ለሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ "እርስዎን አያስፈልግዎትም" ብሎ ደንበኛ አይመልስም። ብዙ ሺህ ዶላር ከተከፈለ በኋላ ደም ግፊት ያሰናክላል፣ ወይ ኢንሹራንስ እምቢ ይላል፣ ወይ ደግሞ ሰውየው መጀመሪያውኑ ሙሉ ኮርስ የማያስፈልገው ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። በነጻ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚጣራው ሁሉ ይቅደም። ትምህርት ቤቱ የትም አይሄድም።

1. ሲዲኤልዎ በሕይወት አለ ወይ?

ኪስዎ ውስጥ ያለው ካርድ የማብቂያ ቀኑ አልደረሰም ይሆናል። በዚያ አይታለሉ። የሕክምና ካርድዎ (ለመንዳት ጤናዎ ብቁ ነው የሚለው ማረጋገጫ) ጊዜው ካለፈ ግዛቱ በ60 ቀን ውስጥ ሲዲኤሉን አውርዶ ተራ መንጃ ፈቃድ ማድረግ አለበት። ፕላስቲኩ እጅዎ ላይ ይኖራል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የለም። ትራክ አቁሞ ሌላ ሥራ የገባ ሰው ሜዲካሉን የሚያሳድስበት ምክንያት ስለሌለው ብዙ ተመላሽ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ወደ ግዛትዎ የመንጃ ፈቃድ ቢሮ፣ ዲኤምቪ፣ ይሂዱ (ስሙ በየግዛቱ ይለያያል)። ሁለት ነገር ይጠይቁ። የሲዲኤሌ ሁኔታ አሁን ምንድን ነው? ለመመለስስ የትኛውን ፈተና እንደገና እንድወስድ ትፈልጋላችሁ? መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉ፣ የመዝገብዎን ፕሪንት ይዘው ይውጡ። መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ሁሉ የሲዲኤል ሕግ አያውቅም፤ ሲዲኤል ክፍል ካለ እዚያው ይሂዱ። ከወረደ ገና አጭር ጊዜ ከሆነው፣ በብዙ ቦታ አዲስ የሕክምና ካርድ ማስገባት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ብዙ ዓመት ካለፈው ግን የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና እንደገና ሊሉዎት ይችላሉ። ይህን የሚወስነው ግዛቱ ነው፤ ሜሪላንድ ያለ ዘመድዎ የነገረዎት ቴክሳስ ላይ ላይሠራ ይችላል።

አሁን ብዙ ገንዘብ የሚያድነው ነጥብ ይመጣል። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ክላስ ኤ (ባለ ተሳቢ) ወይም ክላስ ቢ (ተሳቢ የሌለው ከባድ መኪና) የሚያወጣ ሰው ኢኤልዲቲ የሚባለውን የጀማሪ ሹፌር ሥልጠና፣ በፌደራል መዝገብ ላይ ባለ አሠልጣኝ ዘንድ መውሰድ ግዴታው ነው። ከዚያ ቀን በፊት የወጣ ክላስ ኤ የነበረው ሰው ግን ለዚያው ክላስ ኤ ይህ የፌደራል ግዴታ አይመለከተውም። ግዛቱ "የመንዳት ፈተና ድገም" ቢልዎት እንኳ፣ የሚያስፈልግዎት ለጥቂት ቀን የሚለማመዱበትና የሚፈተኑበት ትራክ ነው። ሙሉ ኮርስ ሌላ ነገር ነው። ዲኤምቪው ይህን በመዝገብዎ ላይ አይቶ እንዲያረጋግጥልዎ ያድርጉ።

ሌላ ዓይነት ተመላሽም አለ። ጅቡቲ መስመር ላይ ባለ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ፣ አሜሪካ ከገባ በኋላ ግን ትራክ ነክቶ የማያውቅ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይቆጠርም፤ አሜሪካ የንግድ መንጃ ፈቃዳቸውን የምትቀበለው የካናዳንና የሜክሲኮን ብቻ ነው። ይህ ሰው በሕግ ፊት ጀማሪ ነው፣ ኢኤልዲቲም ይመለከተዋል። በጋላፊ ሙቀት ጎማ የቀየረ እጅ ግን ጀማሪ አይደለም። ልምምዱን ከሌላው ቶሎ ይጨርሳል፤ ትምህርት ቤት ሲመርጥ በሳምንት ብዛት ከሚያስከፍል ይልቅ ብቃቱን አይቶ ወደ ፈተና የሚልክ ይፈልግ። የፌደራሉ ሕግ ዝቅተኛ የሰዓት ብዛት አላስቀመጠም። የጽሑፍ ትምህርቱን 80 በመቶ ማለፍና አሠልጣኙ በመንዳቱ "ብቁ ነው" ማለቱ ነው የሚጠየቀው።

የመኖሪያ ወረቀት ነገርም እዚሁ ይጣራ። ዜጋ ከሆኑ ወይም ግሪን ካርድ ካለዎት መደበኛውን ሲዲኤል ያወጣሉ። በሥራ ፈቃድ ብቻ ያሉ፣ ለምሳሌ የጥገኝነት ጉዳያቸው ያላለቀ፣ ነን-ዶሚሳይልድ በሚባለው ሲዲኤል ሥር ናቸው። ያ ሕግ በሴፕቴምበር 2025 በጣም ጠብቋል፣ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በዚህ መስመር ላይ ካሉ ዛሬ ያለውን ደንብ ከግዛትዎ ሳይሰሙ ለማንም አንድ ዶላር አይክፈሉ።

2. ሐኪም ዘንድ ሁለት ጊዜ ይሂዱ

መጀመሪያ የራስዎ ሐኪም፣ ከዚያ የሕክምና ካርዱን የሚያሰጠው የዲኦቲ (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ) ምርመራ። ተራው አይገልበጥ። የዲኦቲ መርማሪው ሊያክምዎ አይደለም የተቀመጠው፤ ያየውን ይጽፋል፣ ይልካል። ከጁን 2025 ጀምሮ ውጤቱ በኤሌክትሮኒክ መንገድ በፌደራሉ በኩል ወደ ግዛቱ መሄድ አለበት። አንዳንድ ግዛት ግን ሲስተሙን ለማስተካከል ስለዘገየ የወረቀቱን ኮፒ መያዝ አይጎዳም።

ከሃምሳ በኋላ ሰውን የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ደም ግፊት ነው። መርማሪዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ይህን ይመስላል። ከ140/90 በታች ከሆነ የ2 ዓመት ካርድ ማግኘት ይቻላል፣ ከፍተኛውም እሱ ነው። የላይኛው ከ140 እስከ 159 ወይም የታችኛው ከ90 እስከ 99 ከሆነ የ1 ዓመት። ከ160 እስከ 179 ወይም ከ100 እስከ 109 ከሆነ የ3 ወር ካርድ ይሰጥና አስተካክለው ይመለሱ ይባላል። 180/110 ከደረሰ ካርድ የለም። መድኃኒት መውሰድ በራሱ አያስቀርም። መድኃኒቱን ሳይወስዱ መሄድ ነው የሚያስቀረው። የምርመራው ጠዋት ክኒንዎን ይዋጡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጨርሰው አይሂዱ። ፓርኪንግ ፍለጋ ሲዞሩ ቆይተው ሮጠው አይግቡ፤ አሥር ደቂቃ ይቀመጡ። መጀመሪያ ከፍ ካለ "ትንሽ አርፌ እንደገና ይለካልኝ" ማለት ነውር አይደለም።

ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሳይሞክር ይተወዋል። አያስፈልግም። በክኒን የተያዘ ስኳር መንገድ አይዘጋም። ኢንሱሊን የሚወጉም ቢሆኑ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የቀድሞው ልዩ ፈቃድ ቀርቶ፣ የሚያክማቸው ሐኪም ኤምሲኤስኤ-5870 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ቢሰጣቸው እስከ 12 ወር ካርድ ማግኘት ይችላሉ። ቁም ነገሩ ቢያንስ የ3 ወር የስኳር ልኬት በመሣሪያው ላይ ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ለመመለስ ያሰቡ ቀን መለካት ይጀምሩ፤ ኋላ ሦስት ወር ቁጭ ብለው አይጠብቁ። የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ በጾም ወራት ኢንሱሊኑን እንዴት እንደሚያደርጉ ከሐኪሙ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ 80 ሺህ ፓውንድ የሚመዝን መኪና መንዳት ቤት ተቀምጦ እንደ መጾም አይደለም።

ዓይን ላይ እያንዳንዱ ዓይን 20/40 ማየት ይጠበቅበታል፣ በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር። ከቀጠሮው ቀን በፊት መነጽርዎን ያድሱ። በሌሊት የፊት መብራት ሲመጣ ዓይንዎ ውስጥ የሚበተን ከሆነ ለዓይን ሐኪሙ ይንገሩት፤ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ጆሮ ላይ ከ5 ጫማ ርቀት በሹክሹክታ የተነገረዎትን መስማት አለብዎት፤ ማዳመጫ መሣሪያ ይፈቀዳል።

እንቅልፍ ላይ ማንኮራፋት፣ ወፍራም አንገት፣ ቀን ቀን ድካም ካለ መርማሪው የስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የመቆራረጥ) ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ሲፓፕ የሚባለው፣ ተኝተው አየር የሚሰጥ ማሽን ከታዘዘልዎ መጠቀምዎ ከማሽኑ ዳታ ይታያል። ብዙ መርማሪዎች የሚፈልጉት ከሌሊቶቹ 70 በመቶውን ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀምዎን ነው። አልጋ ሥር ያስቀመጡት ማሽን አያስመሰክርም።

የሽንት ናሙናም ይሰጣሉ። ያ ለስኳርና ለኩላሊት ነው። የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራው ሌላ ነው፣ የሚያስደርገውም ቀጣሪው ነው። እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። ግዛትዎ ማሪዋና ቢፈቅድም ለሲዲኤል አልተፈቀደም። የሲቢዲ ዘይት ለጉልበቴ ቀባሁ ወይም ጠጣሁ ማለትም ምክንያት ሆኖ አይታይልዎትም። ጫትም ቢሆን ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ በጣም ጥብቅ በሆነው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ "ለእንቅልፍ ነው" የሚለው አገር ቤት የቀረ ወሬ ነው። ከአገር ቤት የመጣ የሕመም ማስታገሻም ካለዎት ምን እንደሆነ ለሐኪምዎ ያሳዩ።

3. ማኅደርዎን ከቀጣሪው በፊት ይዩት

ቀጣሪው ስለ እርስዎ የሚያየውን ሁሉ ቀድመው ማየት ይችላሉ። የመንዳት ሪከርድዎን ከዲኤምቪ ይውሰዱ። ፒኤስፒ የሚባለው የፌደራል መዝገብ የ5 ዓመት አደጋና የ3 ዓመት የመንገድ ፍተሻ ያሳያል፤ ሹፌሩ ራሱ በትንሽ ክፍያ በኢንተርኔት ማውጣት ይችላል። ስሕተት ካገኙ ዳታኪውስ በሚባለው ሥርዓት አቤት ይባላል። ብዙ ዓመት ካልነዱ ፒኤስፒዎ ባዶ ሊሆን ይችላል። ባዶ መሆኑ ንጹሕ ያስብላል፣ ልምድ ግን አያሳይም። ስለዚህ የድሮ ሥራዎን የሚያስረዳ ማንኛውም ወረቀት፣ ደብልዩ-2 ወይም 1099 (የዓመት ገቢ ቅጾች)፣ የድሮ ኩባንያ ደብዳቤ፣ ካለ ከካርቶኑ ያውጡት።

ማመልከቻው ላይ በንግድ መኪና የነዱበትን የ10 ዓመት የሥራ ታሪክ ይጠየቃሉ። ክፍተቱን አይደብቁት። "ከ2017 እስከ 2023 ኡበር ነዳሁ፣ ከዚያ እናቴን ሳስታምም ነበር" የሚል ቀጥተኛ መልስ ማንንም አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው በቀን የማይገጥም ታሪክ ነው።

ከዚያ ክሊሪንግሀውስ። ይህ ከጃንዋሪ 6 ቀን 2020 ጀምሮ የሚሠራ የዕፅና የአልኮል ጥሰት መዝገብ ነው። ከዚያ በፊት ያቆሙ ከሆነ አያውቁትም። ቀጣሪው ከመቅጠሩ በፊት ሙሉ ፍተሻ ያደርጋል፣ ለዚያ ደግሞ የእርስዎ ፈቃድ በእርስዎ አካውንት በኩል መሰጠት አለበት። አካውንቱ ለሹፌር ነጻ ነው። አሁኑኑ ይክፈቱት፣ ፓስወርዱንም የሚያስታውሱት ቦታ ይጻፉት። ልጅዎ ከከፈተልዎ በልጅዎ ኢሜል አይሁን፤ ቀጣሪው ጠዋት ፈቃድ ሲጠይቅ ልጅዎ ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል።

4. ኩባንያዎችን ይደውሉ፣ ትምህርት ቤት ከመግባትዎ በፊት

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉም አስፈላጊው ይመስለኛል። እውነተኛው በር ጠባቂ ኢንሹራንሱ ነው። ኩባንያው ሊወድዎ ይችላል፣ ኢንሹራንሱ ግን "በቅርብ ዓመታት የነዳ" ይላል። የድሮ አሥር ዓመት ልምድ ላንዳንዶቹ ምንም ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ ተመላሽ ሹፌር ይቀበላሉ፣ ግን አጭር ሪፍሬሸር (የማስታወሻ) ኮርስ ወይም ከአሠልጣኝ ጋር ጥቂት ሳምንት መንዳት ይጠይቃሉ። ትንንሾቹ፣ የሐበሻ ኩባንያዎች ጭምር፣ እንደ ኢንሹራንሳቸው ነው።

ስለዚህ አምስት ስድስት ቦታ ይደውሉና እንዲህ ይበሉ፦ "ክላስ ኤ ነበረኝ። እስከ እንዲህ ዓመት ነድቻለሁ። ዛሬ ፈቃዴ ንቁ ቢሆን ኢንሹራንሳችሁ ይቀበለኛል? ሪፍሬሸር ከጠየቃችሁ ከየትኛው ትምህርት ቤት ትቀበላላችሁ? ወጪውን ትሸፍናላችሁ?" መልሱን ከነስሙና ቀኑ ይጻፉ። ያን ጊዜ ነው የትኛው ትምህርት ቤት፣ ለስንት ቀን፣ በማን ገንዘብ የሚለው የሚታወቀው። ኩባንያው ከፍሎ የሚያሠለጥንዎት ከሆነ ስንት ወር እንዲሠሩለት እንደሚያስገድድና ቀድመው ቢወጡ ስንት እንደሚመልሱ ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ።

ዕድሜዎን ሰምቶ ድምፁ የሚቀየር ሰው ካጋጠመዎት ወደሚቀጥለው ይደውሉ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነን ሰው በዕድሜው ምክንያት አልቀጥርም ማለት በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው። ሹፌር የሚፈልግ ቤት ግን ብዙ ስለሆነ ጊዜዎን በክርክር አያባክኑ።

5. ፈተና ከተባሉ

ጽሑፉን ለማለፍ 80 በመቶ ያስፈልጋል። ለክላስ ኤ ጠቅላላ ዕውቀት፣ የአየር ፍሬንና የተሳቢ ጥምር መኪና ናቸው። የግዛቱን ማንዋል በነጻ ያውርዱ፤ ድሮ ያነበቡትን አይመኑ። ፐርሚቱን (የመለማመጃ ፈቃዱን) ካወጡ በኋላ የመንዳት ፈተና ከመውሰድዎ በፊት ቢያንስ 14 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። በእነዚያ ቀናት የሚለማመዱት ሲዲኤል ያለው ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ ነው።

የመንዳቱ ፈተና ሦስት ክፍል አለው። መኪናውን መፈተሽ፣ ወደ ኋላ መንዳትና ማቆም፣ ከዚያ መንገድ። ነባር ሹፌር የሚወድቀው አስፋልት ላይ አይደለም፣ በመጀመሪያው ላይ ነው። ለዓመታት መኪናውን በዓይኑ ዞሮ አይቶ "ሰላም ነው" ብሎ የሚነሳ ሰው፣ እያንዳንዱን ዕቃ በእንግሊዝኛ ስሙ ጠርቶ፣ ነክቶ፣ "አልተሰነጠቀም፣ አልላላም፣ አያፈስም" ማለት ይከብደዋል። ባሌስትራና ፍሪሲዮን ማለት እዚያ አይጠቅምም። ዘዴው ቀላል ነው። የትምህርት ቤቱን መኪና ከፊት ኮፈን እስከ ኋላ መብራት በስልክዎ በቪዲዮ ይቅረጹ፣ ማታ ማታ እያዩ ጮክ ብለው ይጥሩ። ሚስትዎ ወይም ባልዎ እስኪሰለቹ ድረስ።

የአየር ፍሬን ሙከራውን በተለይ ውሃ ያድርጉት፤ በብዙ ቦታ እሱን ብቻ መሳሳት ፈተናውን ያስጥላል። ሞተር ጠፍቶ፣ የማቆሚያው ፍሬን ተለቅቆ፣ የእግር ፍሬኑ ተረግጦ፣ ባለ ተሳቢ መኪና በ1 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በላይ አየር ማጣት የለበትም። ከዚያ ፍሬኑን ደጋግመው እየረገጡ አየሩን ሲያወርዱ፣ 55 ፒኤስአይ ከመድረሱ በፊት ማስጠንቀቂያው መጮህ ወይም መብራት አለበት። ማውረዱን ሲቀጥሉ የማቆሚያው ቁልፍ ራሱ ይዘላል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተሉንም በአፍ እየተናገሩ ይለማመዱ።

ወደ ኋላ መንዳት ላይ አገር ቤት የነዳን ሰው የሚያታልለው አንድ ነገር አለ። እዚያ ረዳት ነበረ። ከኋላ ሆኖ "ና፣ ና፣ ና... በቃ!" ይላል። እዚህ ረዳቱ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስፔኪዮ ብቻ አይመኑ፤ ያቁሙ፣ ፍሬን ይያዙ፣ ይውረዱና ይዩ። ፈተናው ላይ ወርዶ ማየት ይፈቀዳል፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን ይገደባል፤ ፈታኙን አስቀድመው ይጠይቁት።

በአውቶማቲክ መኪና ከተፈተኑ ፈቃድዎ ላይ "ኢ" የሚል ገደብ ይቀመጣል፣ በማንዋል ካምቢዮ መንዳት አይችሉም ማለት ነው። ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአብዛኛው አውቶማቲክ ስለሆኑ ለብዙ ሰው ጉዳት የለውም። የጓደኛዎን አሮጌ ማንዋል ልነዳ ነው ብለው ካሰቡ ግን በማንዋል የሚፈትን ቦታ ይፈልጉ።

6. እንግሊዝኛው አሁን ቀልድ አይደለም

ሹፌር እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር አለበት የሚለው ሕግ ድሮም ነበረ፤ ለዓመታት ግን ቅጣቱ ላላ ብሎ ነበር። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ግን የመንገድ ፍተሻ ላይ መልስ መስጠት ያልቻለ ሹፌር እዚያው እንዲቆም ይደረጋል፣ አይነዳም። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፣ ቀጥሎ የመንገድ ምልክቶችን ያሳያል። አስተርጓሚ የለም፣ የስልክ አፕ የለም።

ሃያ ዓመት አሜሪካ የኖሩም ቢሆኑ ይለማመዱት። ሲደነግጡ ቋንቋ ይጠፋል። ከየት ጫኑ፣ ወዴት ነው፣ ምን ጭነት ነው፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ጀመሩ፣ መኪናው የማን ነው፤ ጥያቄዎቹ ከዚህ ብዙ አይርቁም። መልሱን አጭር ያድርጉ። በመብራት የሚጻፉትን የኤሌክትሮኒክ ምልክቶችም ጮክ ብለው ያንብቡ፤ እነሱም ይጠየቃሉ።

7. ሎጉ ተለውጧል

ከ2017 መጨረሻ በፊት ያቆሙ ከሆነ የሚያውቁት የወረቀት ሎግ (የሥራና የዕረፍት ሰዓት መዝገብ) ነው። አሁን ኢኤልዲ የሚባል መሣሪያ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ራሱ ይመዘግባል። በእርሳስ ማስተካከል ቀርቷል። ሰዓቶቹ ግን ያውቁዋቸዋል፦ ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት መንዳት፣ ሥራ ከጀመሩ በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ፤ በ8 ቀን 70 ሰዓት፤ 34 ሰዓት ካረፉ እንደገና ከዜሮ። የ30 ደቂቃው ዕረፍት ከ2020 ጀምሮ የሚቆጠረው 8 ሰዓት ከነዱ በኋላ ነው። የ10 ሰዓቱን ዕረፍት 7 ለ3 ወይም 8 ለ2 ከፍሎ መውሰድም ይቻላል፤ መጋዘን በር ላይ ሲያስቆሙዎት የሚያድንዎት እሱ ነው። ስለዚህ አከፋፈሉን ከአሠልጣኙ ጋር በመሣሪያው ላይ ሠርተው ይዩት። ኢኤልዲ ቢበላሽ የሚሆን የ8 ቀን ባዶ የወረቀት ሎግም ጋቢናው ውስጥ መኖር አለበት፤ እዚያ ላይ የድሮ ዕውቀትዎ ያገለግላል።

8. ለሰውነትዎ የሚሆን ሥራ ይምረጡ

ሃምሳ አምስት ዓመት ላይ ፍላትቤድ (ክፍት ተሳቢ) ገብቶ ከባድ ሸራ ጭነት ላይ መጎተት ይቻላል፣ ግን ለምን? ድራይ ቫን (ዝግ ተሳቢ) ወይም ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው)፣ ሹፌሩ ጭነት የማይነካበትን ይጠይቁ። ከጋቢና ሲወርዱ ፊትዎን ወደ መኪናው አዙረው፣ ሁለት እጅና አንድ እግር ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ሁልጊዜ እንደያዙ ይውረዱ። ዘሎ መውረድ ጉልበት ይጨርሳል። ተሳቢውን ከትራኩ ጋር የሚያያይዘውን የፊፍዝ ዊል መያዣ በትከሻ ብቻ አይጎትቱት፤ ረጅም መንጠቆ በርካሽ ይሸጣል።

ረጅም መንገድ ወይስ ማታ ቤት የሚያስገባ? ተመላሽ ሹፌር ብዙ ጊዜ አጭሩን ይፈልጋል፣ አጭሩ ደግሞ የቅርብ ልምድ ይጠይቃል። ጥቂት ወራት ረጅም መንገድ ነድቶ ከዚያ ወደ ቅርብ ሥራ መዞር የተለመደው መንገድ ነው። ወደብ ላይ የሚሠራ ከሆነ ትዊክ ካርድ፣ አደገኛ ዕቃ ለመጫን ደግሞ ሀዝማት የሚባለው ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም አሻራና የጀርባ ምርመራ አላቸው፣ ጊዜ ስለሚወስዱ ቀደም ብለው ያመልክቱ።

9. ገንዘቡ ላይ

በማይል ስንት ብቻ ብለው አይጠይቁ። በሳምንት ስንት ማይል በተጨባጭ ይሰጣሉ? መጋዘን ላይ ስጠብቅ ይከፈለኛል? በሥልጠናው ሳምንታት ስንት ነው? ደብልዩ-2 (ተቀጣሪ) ነው ወይስ 1099 (በኮንትራት)? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ በትንንሽ ኩባንያ ወሳኝ ነው፤ 1099 ከሆነ ታክሱም፣ የጤና ኢንሹራንሱም፣ ብትጎዱ ያለው ጣጣም ወደ እርስዎ ይዞራል።

በመጀመሪያው ዓመት "ትራኩን እየሠራህ ግዛው" የሚለውን ሊዝ-ፐርቸስ ይተዉት። ክፍያው በየሳምንቱ ይቆረጣል፣ ሎድ ኖረም አልኖረም፤ ብዙ ሹፌር መኪናው የእሱ ሳይሆን ይወጣል። የራስዎን መኪና መግዛት ካማረዎት ገበያውን ለአንድ ዓመት በደመወዝ ሆነው ይዩት።

62 ሞልቶዎት ሶሻል ሴኩሪቲ መውሰድ ከጀመሩ ደግሞ አንድ ሒሳብ አለ። ሙሉ የጡረታ ዕድሜዎ ሳይደርስ (1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለደ 67 ነው) ከተወሰነ ገቢ በላይ ከሠሩ፣ ከገደቡ በላይ ባገኙት በየ2 ዶላሩ 1 ዶላር ከጡረታው ይያዛል። ገደቡ በ2025 ዓመት 23,400 ዶላር ነበር፣ በየዓመቱ ይስተካከላል። ሙሉ ጊዜ የሚነዳ ሹፌር ይህን በጥቂት ወራት ያልፈዋል። ስለዚህ ጡረታውን ገና ካልጀመሩ፣ መንዳቱን እስኪያቆሙ ማቆየቱን ያስቡበት፤ ከጀመሩ ደግሞ ሥራ የሚገቡበትን ወር ቀድመው ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ያሳውቁ፣ አለበለዚያ የተከፈለዎትን መልሱ የሚል ደብዳቤ ይመጣል።